ከቤት ውጭ የሚበላ እንጀራ፤ ከጥንቷ ሮም እስከ የካ



ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ምእመናን በላከው በመጀመሪያው መልእክቱ ከምዕራፍ 8 እስከ ምዕራፍ 10 ድረስ ስለ ሥጋ፣ ስለ ገበያና ስለ ማዕድ በሰፊው ያስተምራል። ብዙዎቻችን እነዚህን ምዕራፎች በምናነብበት ጊዜ ጉዳዩ ከጣዖታት ጋር አብሮ ያለፈ፣ የዛሬውን ኑሮአችንን እምብዛም የማይነካ መስሎ ይታየናል። ይሁን እንጂ መልእክቱ የተጻፈላቸው ሰዎች የንግድ ከተማ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ብዙ ጊዜም ከቤታቸው ውጭ፣ ከማያውቁት ሰው እጅ፣ በሃይማኖት ከማይመስላቸው ጎረቤት ጋር ይበሉ ነበር። እንዲህ ያለውን ኑሮ በመገናኛ፣ በሾላ ገበያ፣ በላምበረት መናኸሪያና በኮተቤ መንገድ ዳር በየዕለቱ እናየዋለን። ስለዚህ በዚህ ዕትም የትምህርት ዓምድ በጥንት ሮማውያን ከተሞች ከቤት ውጭ መብላት ምን ይመስል እንደነበረ፣ በእኛም አገር ልማዱ እንዴት እንደ ገባ እንመለከታለን፤ ከዚያም ወደ ሐዋርያው ቃል እንመለሳለን።

በሮማውያን ከተሞች

በሮም ከተማ ባለጠጎች «ዶሙስ» በሚባል፣ ማድ ቤትና ግቢ ባለው የራሳቸው ቤት ይኖሩ ነበር። የሚበዛው ሕዝብ ግን «ኢንሱላ» ማለትም «ደሴት» ተብለው በሚጠሩ ባለ ብዙ ፎቅ የኪራይ ቤቶች ተጨናንቆ ይኖር ነበር። የእነዚህ ቤቶች የላይኛው ፎቅ ጠባብ ነው፤ ውኃ አይወጣለትም፤ እንጨት ስለሚበዛበትም አንድ ሰው የሚያነደው እሳት ለነዋሪው ሁሉ ያሰጋል። በ64 ድ.ል.ክ. በንጉሠ ነገሥት ኔሮን ዘመን ከተማይቱን ያወደማት ቃጠሎ ስጋቱ ከንቱ እንዳልነበረ ይመሰክራል። እንግዲህ ምድጃ የሌለው ሰው ምን ይብላ? ወደ መንገድ ይወርዳል። ዛሬ ከቤት ውጭ መብላት የባለ ገንዘብነት ምልክት ተደርጎ ይቆጠራል፤ በሮም ግን ባለጠጋው በቤቱ ወይም በወዳጁ ቤት ተጋብዞ ሲበላ፣ በመንገድ ዳር ገዝቶ የሚበላው ድሃው፣ ባሪያው፣ ነጻ የወጣው አገልጋይና መንገደኛው ነበር።

አውግስጦስ ቄሣር ከ200,000 ለሚበልጡ የከተማይቱ ሰዎች እህል በነጻ ያድል እንደነበረ ራሱ ባስጻፈው የሥራ መዝገብ ላይ ይገኛል። ሆኖም ስንዴ ገና እንጀራ አይደለም፤ መፈጨትና መጋገር አለበት፤ ለዚያውም ማገዶና ምድጃ ያስፈልጋል። በሦስተኛው መቶ ዓመት ከ270 እስከ 275 ድ.ል.ክ. የነገሠው አውሬልያኖስ በእህሉ ፈንታ የተጋገረ ዳቦ እንዲታደል አደረገ። በየካ ያሉ እናቶች ይህን ለመረዳት ማብራሪያ የሚያሻቸው አይመስለኝም፤ ጤፍ ማግኘት አንድ ነገር ሲሆን ምጣድ ማግኘት ሌላ ነገር ነውና።

በ79 ድ.ል.ክ. በቬሱቭዮስ እሳተ ገሞራ አመድ የተቀበረችው የፖምፔ ከተማ ይህን ኑሮ ከነዕቃው ጠብቃ አቆይታልናለች። በቁፋሮ በወጡት መንገዶችዋ ዳር 150 ያህል የምግብና የመጠጥ መሸጫዎች ተቈጥረዋል። አሠራራቸው ተመሳሳይ ነው፤ ወደ መንገድ የተከፈተ ደጃፍ፣ ከደጃፉ ላይ በድንጋይ የተገነባና እኛ ባንኮኒ የምንለው መደብ፣ በመደቡም ውስጥ አፋቸው ብቻ እስኪታይ የተቀበሩ የሸክላ ጋኖች አሉ። በታኅሣሥ ወር 2013 ዓ.ም. ለሕዝብ በተገለጠው በአንዱ መሸጫ ባንኮኒ ላይ የዳክዬዎች፣ የአውራ ዶሮና በሰንሰለት የታሰረ ውሻ ሥዕል ቀለሙ ሳይለቅ ተገኝቷል። በጋኖቹ ውስጥም የዳክዬ፣ የአሳማ፣ የፍየል፣ የዓሣና የቀንድ አውጣ ቅሪት ነበረ። በወይን ጠጁ ጋን ሥር የተገኘው የተፈጨ ባቄላ ሲሆን፣ የወይኑን ጣዕምና መልክ ለማሻሻል የተጨመረ ነው ይባላል። በሌላው መሸጫ፣ ቬቱትዮስ ፕላኪዶስ በተባለው ሰው ቤት፣ ከአንዱ ጋን ውስጥ ወደ 3 ኪሎ የሚጠጋ ሳንቲም ወጥቷል፤ ምናልባት የመጨረሻው ቀን ገቢ ነው።

ዋጋውንም ቢሆን ጥቂት እናውቃለን። በመካከለኛው ኢጣልያ በኢሰርንያ የተገኘና ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር የሚገኝ የተቀረጸ ድንጋይ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤትና መንገደኛ ሂሳብ ሲተሳሰቡ ያሳያል። ለወይን ጠጅና ለዳቦ 1 አስ፣ ለወጡ 2 አስ፣ ለበቅሎዋ ድርቆሽ ደግሞ 2 አስ ተጠይቋል፤ «አስ» ትንሽ የመዳብ ገንዘብ ነው። በሂሳቡ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጥ ዋጋ ያለው ሌላም ነገር ተጽፎአል፤ ነገር ግን ለመጽሔታችን ገጽ ስለማይስማማ እንተወዋለን። ከእርሱ የተነሣ ግን «ፖፒና» እና «ካውፖና» የተባሉት እነዚህ ቤቶች ለምን ስማቸው እንደ ከፋ አንባቢ ይረዳል።

ስማቸው የከፋው ግን ስለ ዝሙትና ስለ ቁማር ብቻ አልነበረም። ተራው ሕዝብ ተሰብስቦ የሚያወራበት ቤት ገዢዎችን ያስፈራል። ስለሆነም ንጉሠ ነገሥታቱ እርስ በርሳቸው በብዙ ነገር ባይመሳሰሉም በዚህ ተባበሩ። ጢባርዮስ በእነዚህ ቤቶች ጣፋጭ ቂጣ እንኳ እንዳይሸጥ አዘዘ። ቀላውዴዎስ የበሰለ ሥጋና የፈላ ውኃ እንዳይሸጥ ከለከለ። ኔሮን ከአትክልትና ከጥራጥሬ በስተቀር ሌላ ነገር እንዳይበስል አደረገ፤ የሚያስገርመው ይኸው ኔሮን ራሱ በሌሊት ልብሱን ለውጦ ወደነዚሁ ቤቶች ይገባ እንደነበረ መጻፉ ነው። ቬስፓስያኖስም ክልከላውን አደሰው። ክልከላው ደጋግሞ መውጣቱ የሚፈጽመው እንዳልነበረ ያሳያል፤ ቢፈጸም ግን የሚጎዳው በቤቱ ምድጃ የሌለው ድሃ ነበር፤ የባለጠጋው ማዕድ ሥጋ አላጣምና።

ክርስቲያኖች በዚህ ዓለም ውስጥ ይኖሩ ነበር። በ197 ድ.ል.ክ. ግድም የጻፈው ጠርጡልያኖስ ከሳሾችን ሲመልስ ክርስቲያኖች ከሰው ተለይተው በጫካ እንደማይኖሩ፣ በአደባባዩም በሥጋ ገበያውም በማረፊያ ቤቱም ከሌላው ሕዝብ ጋር እንደሚገኙ ይከራከራል። የእስክንድሮስ ሴቬሮስን ታሪክ የጻፈው ደራሲ ደግሞ ክርስቲያኖችና የምግብ ቤት ባለቤቶች በሮም በአንድ ቦታ ይገባኛል ተከራክረው ንጉሠ ነገሥቱ ለክርስቲያኖች እንደ ፈረደ ይተርካል። መጽሐፉ ብዙ ነገር የሚፈጥር ስለሆነ ሊቃውንት ታሪኩን አያምኑትም፤ ለእኔም ከፍርዱ ይልቅ ደስ የሚለኝ የሁለቱ ወገኖች ጉርብትና ነው።

ከእንጦጦ ግብር እስከ እቴጌ ሆቴል

በአገራችን ነገሩ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። ጠላና ጠጅ የሚሸጥበት ቤት ጥንትም ነበረ፤ እንጀራን በገንዘብ መሸጥ ግን እንደ ነውር ይቆጠር ነበር። መንገደኛ «የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ብሎ ደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም ያለውን ያካፍላል። የንጉሥ እንግዳ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ በየደረሰበት ድርጎ ይሰጠዋል። በዚህ ላይ የዓይን ፍርሃት ነበረ። መኳንንት ሲበሉና ሲጠጡ አሽከሮቻቸው በሸማ ይጋርዷቸው ነበር። ንጉሡም አስቀድሞ በመጋረጃ ውስጥ ይበላል፤ ከዚያ በኋላ መጋረጃው ተገልጦ ሹማምንቱና ሠራዊቱ በየተራቸው ይገባሉ። እንዲህ ያለውን ሰው በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠህ ገንዘብ ከፍለህ ብላ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

አጼ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ በጫኑበት ጊዜ የመንግሥቱ ከተማ ሕይወት ገና በግብር ዙሪያ ይዞር ነበር። ግብር ማለት ራት ብቻ አይደለም፤ ማን ከማን በላይ እንደ ሆነ፣ ማን ለማን እንዳደረ የሚታይበት ሥርዓት ነው። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ከእንጦጦ ተራራ ሥር በፍል ውኃ አጠገብ በእቴጌ ጣይቱ ስም አውጪነት የተመሠረተችው አዲስ አበባም የተቀመጠችው በመኳንንቱ ሰፈሮች ተከፋፍላ ነው፤ እያንዳንዱ ሹም በሰፈሩ ለተከታዮቹ ያበላል። በታላቁ አዳራሽም በሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ቀን ይስተናገድ ነበር። ስለዚህ በዚያ ዘመን ከቤቱ ውጭ የሚበላ ሰው የሚበላው የጌታውን ነው፤ ዋጋውንም የሚከፍለው በአገልግሎቱ ነው።

ይህን የለወጠው የእቴጌ ሆቴል ነው። በ1898 ዓ.ም. ግድም ተሠርቶ በጥቅምት ወር 1900 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ቤት የከተማይቱ የመጀመሪያ ሆቴል ሲሆን እቴጌይቱ ራሳቸው የሚመሩት ነበር። በቃልም በጽሑፍም እንደሚነገረው፣ በመጀመሪያ ላይ ወደ ሆቴሉ ደፍሮ የሚገባ መኰንን ጠፋ፤ አጼ ምኒልክም ሹማምንታቸውን አስከትለው ሄደው በሉ፤ ሲጨርሱም እንደ ማንኛውም ሰው ሂሳቡን ከፈሉ ይባላል። ታሪኩ በልዩ ልዩ መልክ ይነገራል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አንድ ነው፤ የሚያበላው ጌታ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዝቶ በላተኛ ሆነ። በገንዘብ የተገዛ ምግብ ውለታ የለበትም። አንዳንድ ሰው ይህን የፍቅር መቀዝቀዝ አድርጎ ይመለከተዋል፤ እኔ ግን በሰው ደጅ መቆም ምን እንደሚመስል ለሚያውቅ ምስኪን ከፍሎ መብላት ትንሽ ነጻነት አይደለም ባይ ነኝ። ሆቴሉ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በተነሣ ቃጠሎ ብዙ ጉዳት እንደ ደረሰበት አንባቢዎች ያስታውሳሉ።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል። በእኛ ቋንቋ «ሆቴል» ስንል መኝታ ያለውንም የሌለውንም ምግብ ቤት ማለታችን ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል የመጣ ሲሆን ሥሩ የላቲኑ «ሆስፔስ» ማለትም «እንግዳ» ነው፤ «ሆስፒታል» የሚለውም ከዚሁ ሥር ወጥቷል። ሥጋ ቤቱን «ልኳንዳ» የምንለው ከኢጣልያንኛው «ሎካንዳ» ሲሆን፣ በባለቤቶቹ ቋንቋ ግን የእንግዳ ማረፊያ ማለት ነው። «ፉርኖ» ምድጃ ነበረ፤ እኛ ዳቦውን አደረግነው። ስለዚህ ላቲን አናውቅም የሚሉ ምእመናን ሁሉ ቁርሳቸውን በላቲን ይበላሉ ማለት ነው።

ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ የገቡበትን ዘመን ግን በፈገግታ ብቻ ማለፍ አይቻልም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የፋሽስት ወረራ ጊዜ የምግብና የመጠጥ ቤቶች በዘር ተለዩ። በ1931 ዓ.ም. የወጣው «የዘር ክብር» ሕግ ኢጣልያዊ የሆነ ሰው ለአገሬው ተወላጆች በተመደበ ቤት ገብቶ እንዳይስተናገድ በቅጣት ይከለክል ነበር። አብሮ መብላትን የከለከሉት አብሮ መብላት ሰውን ሰው ስለሚያደርግ ነው።

በየካ መንገዶች

ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ ከቤት ውጭ የሚበላው ማን ነው? በመገናኛ ያለውን ታክሲና ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የተጨመረውን የቀላል ባቡር ጣቢያ ለሚያይ መልሱ ግልጥ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ፣ የሕንጻ ሥራ የቀን ሠራተኛው፣ ሊስትሮው፣ የጥበቃ ሠራተኛው፣ ከክፍለ ሀገር መጥቶ በላምበረት የወረደው መንገደኛ፣ በኮተቤ የሚማረው ተማሪ ናቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሚያድሩት ለሦስትና ለአራት በተከራዩት አንድ ክፍል ነው፤ ከሰል ማያያዣ ስፍራ እንኳ የለውም። ኢንሱላው ቆርቆሮ ቤት ሆነ እንጂ ኑሮው የሮም ኑሮ ነው። በጋራ መኖሪያ ሕንጻዎችም ቢሆን፣ ለምሳሌ በየካ አባዶ፣ እንጀራ በእንጨት ለመጋገርና በግ ለማረድ ከሕንጻው ውጭ የጋራ ቤት መሠራቱ፣ ፎቅና ምድጃ ዛሬም እንዳልተስማሙ ያሳያል።

የእነዚህ ሰዎች ምግብ ቤት ስሙ በሰሌዳ ላይ ላይጻፍ ይችላል። ሸራ የተወጠረበት፣ አግዳሚ ወንበር የተደረደረበት፣ ሽሮ በሸክላ ድስት የሚንተከተክበት ቤት ነው። ሁለት የቀን ሠራተኞች ገንዘባቸውን አዋጥተው አንድ ሽሮ ያዛሉ፤ ከዚያም ተጨማሪ እንጀራ ይጠይቃሉ። ሦስተኛው ጓደኛ በድንገት ሲመጣ «እንብላ» ይባላል፤ እርሱም ያለውን ኪሱን እየዳበሰ ይቀመጣል። ከዚህም በታች የሚኖሩ አሉ፤ ከትልልቅ ሆቴሎችና ከብዙ ሕዝብ ማብሰያዎች የተረፈውን ትርፍራፊ፣ «ቡሌ» የሚባለውን፣ ገዝተው የሚበሉ ወንድሞችና እኅቶች ናቸው። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 16 የተጻፈው አልዓዛር ፍርፋሪውን የተመኘው በነጻ ነበር፤ በከተማችን ግን ፍርፋሪም ዋጋ አለው።

የምድጃው ነገር ሲነሣ እንጦጦን ማለፍ አይቻልም። በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ባይገባ ኖሮ ከተማይቱ በማገዶ እጦት ቦታ እንደምትለቅ ይሰጋ ነበር። ዛፉ ከበቀለ በኋላ ግን ቅጠሉንና ጭራሮውን ከተራራው ወደ ከተማ በጀርባቸው ሲያወርዱ የኖሩት ሴቶች ናቸው። ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት የአዲስ አበባ እንጀራ የበሰለው በእነዚህ እናቶችና ልጃገረዶች ወገብ ላይ ነው ብል አላጋነንኩም። በ2013 ዓ.ም. የእንጦጦ ፓርክ ከተከፈተ ወዲህ በዚያው ተራራ ላይ ያማሩ ምግብ ቤቶች ተሠርተዋል፤ ቤተሰብ ይዞ መውጣት ለሚችል ሰው አየሩ ለጤና መልካም ነው።

የማን ሥጋ ነው?

አሁን ወደ ቆሮንቶስ እንመለስ። በዚያች ከተማ ለአማልክት ከሚታረደው እንስሳ ከፊሉ በመሠዊያው ይቃጠላል፤ ከፊሉ ለካህናቱ ይሆናል፤ ከፊሉ በዚያው በቤተ ጣዖቱ የመብል ክፍል ይበላል፤ የተረፈውም «ማኬሉም» በሚባለው የሥጋ ገበያ ይሸጣል። በቁፋሮ በአስክሌጵዮስ ቤተ ጣዖት አጠገብ የመመገቢያ ክፍሎች ተገኝተዋል፤ «ማኬሉም» የሚለው ስም ያለበት የድንጋይ ጽሑፍም በከተማይቱ ወጥቷል። በግብፅ ኦክሲርንኮስ የተገኙ የፓፒሩስ ወረቀቶችም ሰዎች ወዳጆቻቸውን በሳራጲስ ማዕድ ራት እንዲበሉ ይጋብዙ እንደነበረ ያሳያሉ። የልደት፣ የሠርግ፣ የማኅበር ጥሪ ሁሉ ወደዚያ ነበር። እንግዲህ ክርስቲያኑ አልሄድም ቢል ወዳጁን ያጣል፤ ቢሄድ ደግሞ ምን ይሆናል?

ጳውሎስ ጥያቄውን በሦስት ከፍሎ ይመልሳል። በቤተ ጣዖት ማዕድ መቀመጥን ይከለክላል፤ በጌታ ማዕድና በአጋንንት ማዕድ አንድነት ሊሳተፉ አይቻልምና። በገበያ የሚሸጠውን ግን ስለ ኅሊና ምንም ሳይመራመሩ ገዝቶ መብላትን ይፈቅዳል። ያላመነ ሰው በቤቱ ቢጋብዝም የቀረበውን ሁሉ መብላት ይቻላል፤ ነገር ግን በማዕዱ ያለ አንድ ሰው «ይህ የተሠዋ ነው» ብሎ ቢናገር፣ ስለ ተናገረው ሰው ኅሊና መተው ይገባል። ልብ በሉ፤ ሥጋው ያው ሥጋ ነው። የተለወጠው አጠገብ የተቀመጠው ሰው ነው።

በከተማችን ምግብ ቤት የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይሰማል። አንደኛው «የጾም ነው የፍስክ?» የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው «የማን ሥጋ ነው?» የሚለው ነው። በልኳንዳው ደጃፍ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ የሚሳለው ለዚህ ነው። በአገራችን የእርድ ጉዳይ ለብዙ መቶ ዓመታት የሃይማኖት ድንበር ሆኖ ኖሯል፤ በሌላው ወገን እጅ የታረደውን መብላት ሃይማኖትን እንደ መለወጥ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬም የሚቆጥሩት ብዙዎች ናቸው። ከቆሮንቶስ ጋር ልዩነት እንዳለው መዘንጋት አይገባም። እስላም ጎረቤታችን ለጣዖት አያርድም፤ አንድ ፈጣሪን ያመልካል። ስለዚህ ጳውሎስ ስለ አጋንንት ማዕድ የተናገረውን በእርሱ ማዕድ ላይ ማዋል ስሕተት ነው፤ በደልም ነው። በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ሥጋ በአራጁ ምክንያት አይረክስም።

ታዲያ ይህን ያወቀ ካቶሊካዊ እንዳሻው ይብላ ወይ? ሐዋርያው በምዕራፍ 8 የሚፈራው ይህንኑ ነው። እውቀት ያለው ሰው በእውቀቱ ታብዮ የደካማውን ኅሊና ያቆስላል። በአንድ ማዕድ ላይ ኦርቶዶክሳዊ ወንድማችንን «ብላ፣ ምን አለበት» ብሎ መገፋፋት፣ ወይም እስላም ጓደኛችንን በማይበላው ነገር መቀለድ፣ ይህ እውቀት ሳይሆን ትዕቢት ነው። በጾም ቀንም እንዲሁ ነው። የእኛ የጾም ሥርዓት ከኦርቶዶክሳውያን ጎረቤቶቻችን ሥርዓት ጋር በሁሉም አንድ አይደለም፤ ዓርብ ቀን ከሚጾም የሥራ ባልደረባ ጋር ምሳ የወጣ ሰው ለብቻው ጥብስ ማዘዝ ይችል ይሆናል፤ ግን የሁለት ሰው ምሳ በአንድ ትሪ የሚቀርብበት አገር ነውና፣ ማዘዙ ማዕዱን ለሁለት መክፈል ነው። በየዓይነቱ አብሮ መብላት ምን ይጎዳዋል? በሌላ በኩል ደግሞ አንድ ሰው ቤት ተጋብዞ በገባበት እየመረመረ፣ የባለቤቱን ድስት እየከፈተ የሚፈትን መንፈሳዊ ቀናተኛ ሐዋርያው ሳትመራመሩ ብሉ ያለውን አላነበበም።

በዚህ ነገር ሕዝባችን ከመምህራኑ ቀድሞ መላ ማግኘቱን ማድነቅ ይገባል። በሠርግና በልቅሶ ለእስላም እንግዶች ለብቻ ታርዶ፣ በእነርሱው እጅ በስሎ፣ ለብቻ ይቀርባል፤ እስላሞቹም ለክርስቲያን እንግዶቻቸው እንዲሁ ያደርጋሉ። ድንኳኑ ግን አንድ ነው። ይህን ልማድ «መለያየት» ብለው የሚነቅፉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። እኔ ግን የሌላውን ኅሊና ለማክበር ሲባል ሁለት ድስት መጣድ የጳውሎስን ሦስተኛ መልስ በተግባር መፈጸም ይመስለኛል።

የምግብ ቤት ሴቶች

ስለሚያበሉት ሴቶች ሳንናገር ብናልፍ ትምህርቱ ጎደሎ ይሆናል። በሮም ሕግ በመጠጥ ቤት የምታገለግል ሴት ክብር አልነበራትም። ቆስጠንጢኖስ በ326 ድ.ል.ክ. ባወጣው ሕግ በምንዝር የተከሰሰች ሴት የቤቱ እመቤት ትሁን ወይስ አገልጋይ እንዲጣራ ያዛል፤ እመቤት ከሆነች ትጠየቃለች፤ ወይን የምትቀዳ አገልጋይ ከሆነች ግን ኑሮዋ የተዋረደ ስለ ሆነ ሕጉ ሊመለከታት እንኳ አይገባም በማለት ክሱ ይሰረዛል። ምሕረት ይመስላል፤ ነገር ግን ከሰው ቊጥር ማውጣት ነው።

የቆስጠንጢኖስን እናት በተመለከተ ቅዱስ አምብሮስዮስ ምን እንዳለ ብዙዎቻችን አልሰማንም። በ395 ድ.ል.ክ. በንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ቀብር ባደረገው ስብከት፣ ቅድስት እሌኒ በመጀመሪያ «ስታቡላርያ» ማለትም በመንገደኞች ማረፊያ የምታገለግል ሴት እንደነበረች ይናገራል። ሲናገርም እንደ ነውር አይደብቀውም፤ በሉቃስ ምዕራፍ 10 ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ወስዶ ሁለት ዲናር ከፍሎ ያሳረፈበትን ቤት እያስታወሰ፣ መልካም የማረፊያ ቤት ሴት ናት ብሎ ያመሰግናታል። በመስቀል በዓል በእንጦጦ ግርጌ ደመራ ስንዞር የምናስባት ንግሥት በዘመኗ ሰዎች ዓይን የመሸታ ቤት ሴት ነበረች።

እኛም ጠጅ የምትቀዳውን ሴት «ኮማሪት» ብለን ስንጠራ የቃሉ ቃና ምን እንደሆነ እናውቃለን። ከየካ ሽሮ ቤቶች የሚበዙትን የሚያስተዳድሩት ሴቶች ናቸው፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ ከገጠር በልጅነት መጥተው በሰው ቤት ያገለገሉ፣ ልጆቻቸውን በዚሁ ድስት ያስተማሩ ናቸው። የቀን ሠራተኛው ደመወዙ እስኪደርስ «ጻፊው» ይላቸዋል፤ እነርሱም ይጽፋሉ። የተጻፈው ሁሉ እንደማይከፈል ያውቃሉ። በየቁምስናችን ለእነዚህ እናቶች የተለየ ሐዋርያዊ አገልግሎት የለም፤ እሑድ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቅዳሴ ያመልጣቸዋል። በሰዓት ጉዳይ ቁምስናዎች ሊያስቡበት የሚገባ ነገር ነው፤ በማለዳ የሚጀመር ቅዳሴ ባለበት ስፍራ ድስቱ ከመጣዱ በፊት ሊደርሱ ይችላሉና።

ስለ ካህናትም አንድ ነገር ልጨምር፤ ጥያቄው ከአንባቢዎች መምጣቱ አይቀርምና። ጥንታዊው የሐዋርያት ቀኖናዎች ስብስብ ካህን በመሸታ ቤት ሲበላ ከተገኘ እንዲወገዝ ያዛል፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ ሆኖ በማረፊያ ቤት ለማደር የተገደደውን ከዚህ ፍርድ ነጻ ያደርገዋል። ቀኖናውን የጻፉት አባቶች መንገደኛን ያውቁ ነበር። ሐዋርያው ራሱ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ ከተማይቱ ለመድረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀረው ምእመናን ሊቀበሉት የወጡበት ስፍራ በላቲን «ትሬስ ታቤርኔ» ይባላል፤ ሦስት የመንገደኞች ቤቶች ማለት ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 እንደ ተጻፈው ጳውሎስ በዚያ ባያቸው ጊዜ ተጽናንቶ ፈጣሪውን አመስግኗል።

በሚቀጥለው ዕትም በዚሁ መልእክት በምዕራፍ 11 ሐዋርያው ቀድመው ስለሚበሉ ባለጠጎችና ተርበው ስለሚቀሩ ድሆች የቆሮንቶስን ማኅበር የገሠጸበትን ክፍል እናጠናለን።